ነጥብ የሌለው ዜሮ

ተጠራጣሪነቴን ከማን እንደወረስኩት አላውቅም። አባቴ ሰው አማኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ባታምንም ያመነች መስላ መኖር ትችልበታለች። እኔ ሁለቱም አልሆነልኝም። መካነ ሰላም ገበያ ወጥቼ ቲማቲም ስገዛ መጀመሪያ ሚዛኑን ባዶውን አስቁሜ ካላየሁ አልጀምርም። ሻጮቹ ለምደውኛል፤ ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣች» ይባባላሉ፣ እሰማቸዋለሁም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይጠቅሰዋል። እኔ እንደ ምክር ነው የያዝኩት።

የማስተምረው ኮምፒውተር ነው። እዚሁ መካነ ሰላም ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ስኪም የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አስተምራለሁ። ቋንቋው አሮጌ ነው፤ ሥራ አያስቀጥርም፤ ተማሪዎቼም ይህን ስለሚያውቁ ያጉረመርማሉ። እኔ የወደድኩት እንደ እኔ ተጠራጣሪ ስለሆነ ነው። የሚይዘውን ቁጥር ሁሉ እቅጩ ነህ ወይስ ግምት እያለ ለይቶ ያስቀምጣል። ሲሶን አንድ ሦስተኛ ብለው ቢሰጡት፣ አንድ ሦስተኛ አድርጎ ሳይሸርፍ ይይዘዋል። 0.33 ብለው ቢሰጡት ግን ነጥቧን አይቶ ግምት ነው ብሎ ይመዘግበዋል። እቅጩንና ግምቱን ቢደምሩለት ድምሩን ግምት ይለዋል። ሽምግልና ላይ ምስክር ሲቆም «አየህ ወይስ ሰማህ?» ተብሎ እንደሚጠየቀው ነው፤ ያየውን ከሰማው ጋር ቀላቅሎ የሚያወራ ምስክር እንደሰማ ነው የሚቆጠረው።

ውስብስብ ቁጥር የሚባልም አለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ ቁጥር ሁለት ነገር ይሸከማል፦ አግድም ስንት ተሄደ፣ ቁልቁል ስንት ተወረደ። ሁለቱ ክፍሎች ክፍልፋይ ሆነው እስከቆዩ ድረስ ቁጥሩ እቅጩ ነው። አንደኛው ላይ ነጥብ ከገባ፣ እኔ በምጠቀምበት ዓይነት ሌላኛውም ወዲያው ነጥብ ያወጣል። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ «ያኛው ደግሞ ምን አጠፋ?» ይሉኛል። «ከማን ጋር እንደዋለ አታዩም?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ይህን ያወራሁት የእናቴን ማሳ ነገር ለመናገር ነው።

ማሳው ከመካነ ሰላም ባጃጅ እስከሚደርስበት ተሂዶ፣ ከዚያ በእግር ዳገቱን ወጥቶ ነው የሚገኘው። አያቴ ለሁለት ልጆቹ ያካፈለው መሬት ነው፤ የላይኛው የአባቴ፣ የታችኛው የአጎቴ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ናቸው። አባቴ እናቴን ሲያገባ ክርስትና ተነሣ፤ አጎቴ በእስልምናቸው ቆዩ። ይህ በወንድማማቾቹ መካከል ነገር ሆኖ አያውቅም። በዓረፋ አጎቴ ለእኛ ጠቦት የሚልኩት ከነነፍሱ ነበር፤ በራሳችን እጅ አርደን እንድንበላ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ የእናቴን ማሳ የሚያርሱላት እሳቸው ናቸው። ወንድም የለኝም፤ በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ከራሳቸው ማሳ በፊት የእሷን ጨርሰው፣ እኩል ልካፈል ሳይሉ፣ ምርቃት ብቻ ተቀብለው ይሄዳሉ።

በሁለቱ ማሳ መካከል አንዲት ጠባብ ርጥብ መሬት አለች። እናቴ ነጭ ሽንኩርት የምትተክለው እዚያች ላይ ነው፤ የራሷ የምትለው ገንዘብ የሚገኘውም ከዚያች ብቻ ነው። ወረዳው መሬቱን በመሣሪያ ለክቶ አዲስ ማረጋገጫ ሊሰጥ መሆኑ ተነገረ። ባለሙያዎቹ ሳይመጡ ጎረቤት ከጎረቤት ወሰኑን ተስማምቶ ድንጋዩን ይትከል ተባለ፤ የተተከለው ይጸድቃል። እኔ የሰማሁ ዕለት ልቤ ደነገጠ። ያቺ ርጥብ መሬት ከድንጋዩ በላይ ከዋለች የእናቴ ናት፤ ከድንጋዩ በታች ከዋለች ለዘላለም የአጎቴ ናት።

ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ነገሩን ከእኔ በፊት አስባበት ኖሯል።

«ሽንኩርቴን እወዳታለሁ» አለችኝ። «ግን እሳቸውን እንዳታስከፊብኝ። ሽንኩርትም ገብስም ያለ ሞፈር አይበቅልም።»

የእናቴ ማሳ ዙሪያ የተለካው በጥር ነው። አጎቴ ገመዳቸውን ይዘው መጡ፤ ከሽማግሌዎቹ የደብሩ ቄስና የቅሬው ዳኛ ተገኙ። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው፤ እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ማሳው እርከን በእርከን ስለሆነ ጠርዙ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መታጠፊያ አጎቴ ጮክ ብለው ይጠራሉ፦ «አግድም ዐሥራ ስምንት ክንድ ከሲሶ! ቁልቁል ሰባት ከሩብ!» እኔ ከታች እርከኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በስልኬ እጽፋለሁ። ለእኔ የተመቸ ነበር፤ እያንዳንዱ ጥሪ አንድ ውስብስብ ቁጥር ነው። ዙሪያውን ሄዶ ወደተነሳበት የተመለሰ ሰው፣ የሄደው ሁሉ ሲደመር ዜሮ መምጣት አለበት። የመጨረሻው መስመር የእናቴ ጎን ነው፤ በአውድማው ዳር ከላይኛው ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ሲደርሱ ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቁጥሩን ጠሩ። ጻፍኩት፤ ዝምታዋንም በልቤ ያዝኳት።

በማግስቱ ቢሮዬ ገብቼ ቁጥሮቹን ለስኪም ሰጠሁት። በመጀመሪያ በስንፍና ሲሶውን ሁሉ 0.33 እያልኩ አስገባሁ። ትንሽ ትርፍ ወጣ፤ የጣት ውፍረት የማትሞላ። ለአፍታ አጎቴን ጠረጠርኳቸው። ወዲያው ትርፏ የራሴ ነጥብ ጭራ መሆኗ ገባኝና አፈርኩ። ሲሶውን ሲሶ፣ ሩቡን ሩብ አድርጌ ደግሜ አስገባሁ። አሁን የወጣው 0 ነው። ነጥብ የለውም፣ ከኋላው የሚጎተት ነገር የለውም። እቅጩ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ አዎ አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ይበልጥ ጠረጠርኩ። ገመድ ይረግባል፤ ድንጋይ ይይዘዋል፤ የያዘው እጅ ይደክማል። ዳገት ላይ ገመድ ጎትቶ ነጥብ የሌለው ዜሮ ያመጣ ሰው ወይ መልአክ ነው፣ ወይ አስቀድሞ ደምሯል። አጎቴ ደግሞ መልአክ እንዳልሆኑ አውቃለሁ።

ቢሮ የምጋራው መምህር ሳቀብኝ። «ሳይገጥም ጠረጠርሽ፣ ሲገጥም ጠረጠርሽ። ሰውዬው ምን ያድርጉ?»

«ይግጠም፤ ግን እንደ ሰው ሥራ ይግጠም» አልኩት።

ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ አጎቴ ደጅ ወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር። እናቴ ላፕቶፑን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ዜሮውን አሳየኋቸው።

የቅሬው ዳኛ አጎንብሰው አዩት። «ዜሮ ማለት ገጥሟል ማለት አይደለም እንዴ?»

«ገጥሟል።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ከመጠን በላይ መግጠሙ ነው የከነከነኝ» አልኩ። «የመጨረሻው መስመር አልተለካም።»

አጎቴ ሳይደነግጡ መለሱ፤ ያ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። «አዎ አልተለካም። አውድማው ላይ ገብስ ነበር። እህል ባለበት አውድማ ገመድ አይጎተትም፣ በረካው ይነሣል። የቀረውን አስበን ሞላነው።»

«ታዲያ እንደተለካ አድርገው ለምን ጠሩት?»

«ሁሉም ያውቃል ብዬ ነዋ።»

ሁሉም ያውቅ ነበር። ቄሱ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ዳኛውም ነቀነቁ፣ እናቴ ሳትቀር። ስልኬ ላይ አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ያመለጠው እኔን ብቻ ነው። ነገሩ ንጹህ ሊሆን ይችላል ብዬ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አሰብኩ። ግን ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር። የሌሎቹ መስመሮች ስህተት ሁሉ፣ ገመዱ የረገበውም እጁ የዛለውም፣ ተጠራቅሞ ያልተለካው መስመር ላይ ነው የተራገፈው። ያልተለካው መስመር ደግሞ የእናቴ ጎን ነው። አጠረም ረዘመም የምታጣው ወይም የምታገኘው እሷ ናት። ይህንኑ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ኋላ ነው የነገሩኝ።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» አሉ ቄሱ በመጨረሻ። «እህሉ ጎተራ ሲገባ ይለካ።»

አጎቴ ተነሥተው ገመዱን ከቤት አመጡና እጄ ላይ አኖሩት። «በይ አንቺው ያዢው። እኔ ዘንድ ካደረ ደግሞ አሳጠሩት ትያለሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይመልስ ነበር። እኔ ተቀበልኩ። እናቴ ያኔ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

ገመዱ መካነ ሰላም ቤቴ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ሰነበተ። እሱንም ጠርጥሬው ጠዋት በብርዱና ቀትር ላይ በሜትር ለካሁት። ትንሽ ይለዋወጣል፣ እንደ ማንኛውም ገመድ። ገብሱ ከአውድማው ተነሣ ሲባል ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አጎቴ ግን አልመጡም፣ «ባገኘችው ልክ ታስተካክል» ብለው ላኩ። ከላይኛው ድንጋይ ጀምረን በአውድማው ዳር፣ በጥር መለካት እስከተጀመረበት ጥግ ወረድን። ዳኛው ገመዱን ያዙ፣ እኔ ቆጠርኩ፣ ቄሱ ደገሙት። የእናቴ ጎን ከተጠራው ሁለት ክንድ ከእኩል ይበልጣል። ያ ልዩነት ቁልቁል ሲሰፈር ርጥቧን መሬት በሙሉ ወደ እናቴ ያገባታል።

ላፕቶፑ ላይ አዲሱን ቁጥር አስገባሁት። ዜሮው ጠፍቶ ሁለት ክንድ ከእኩል ቁልቁል፣ ጥቂት ደግሞ አግድም ወጣ። ይኸኛውም እቅጩ ነው፤ ግን የሰው እጅ የነካው መሆኑ ያስታውቃል። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ያ ሁለት ክንድ ከእኩል ከየትኛው መስመር እንደመጣ፣ ከረገበ ገመድ ይሁን ከታሰበበት ልብ፣ ቁጥሩ አይናገርም። ቋንቋው ቁጥሩን እቅጭ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ የጠራውን ሰው አይጠይቅም። እኔ ግን የጠረጠርኩት ልክ ነበር ብዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ አጎቴ ዶማ ይዘው መጥተው በጥር በተጠራው ቁጥር የተተከለውን የወሰን ድንጋይ ነቀሉት። ሁለት ክንድ ከእኩል ላይ አልቆሙም። ርጥቧን መሬት አልፈው፣ የራሳቸውን እርሻ አንድ ትልቅ እርምጃ ገብተው ተከሉት።

«ይበቃል?» አሉኝ።

«በዝቷል። ከልኩ አልፏል።»

«ይብዛ። ለወንድሜ ልጅ ይብዛላት። ሐቄ ተበላ ብላ እንዳታድር።»

ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወረዱ። ቸርነት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አንዳንድ ቀን ቸርነት ነው እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከጅምሩ የደበቁት ባይኖር እንዲህ በቀላሉ ይለቁ ነበር ወይ እላለሁ። የወረዳው ባለሙያዎች በመጋቢት መጥተው መሣሪያቸውን ድንጋዩ ላይ አቁመው መዘገቡ። እናቴ ጣቷን አስነክታ ፈረመች። ከነትርፉ ጸደቀላት።

ግንቦት መጣ። አጎቴ የራሳቸውን ማሳ ጀመሩ፤ ወደ እናቴ ግን አልወጡም። እናቴ ጠብቃ ጠብቃ ሰው ላከች። «በሬዬ አነከሰ» ብለው መለሱ። እኔ ራሴ ሄድኩ። ቤት አስገብተው አበሉኝ፣ ስለ ተማሪዎቼ ጠየቁኝ፣ «በሬው ሲሻለው ኢንሻአላህ» አሉኝ። ስወጣ በረቱ አጠገብ ቆሜ የበሬዎቹን እግር አንድ በአንድ አየሁ። አጎቴ ከበር ሆነው ያዩኝ ነበር።

ሌላ አራሽ ፍለጋ ዞርኩ። የእኩል የሚያርስ አይጠፋም ብዬ ነበር። አንዱ «እሳቸው የተዉትን ማሳ እኔ አልነካም» አለኝ። ሌላው ሳቅ ብሎ «አዝመራውን እኩል ስንካፈል በኮምፒውተር ልትለኪኝ ነው?» አለኝ። ሳቁ ሳቅ አልነበረም። ከመካነ ሰላም ያገኘሁት አንድ ሰው በስልክ እሺ እሺ ብሎ ቀኑ ሲደርስ ስልኩን ዘጋ። ማን ምን እንደነገረው አላውቅም፤ የነገረው ሰው እንዳለ ግን እጠረጥራለሁ። አንዲት ነጥብ ማሳው ላይ ገብታ ነበር፤ ከእሷ በኋላ በዚያ ቀበሌ ከእኛ ጋር የሚደመር ሁሉ ግምት ሆነ። በዚህ ተናደድኩ፤ አሁንም እናደዳለሁ። የጠየቅኩት የእናቴን ሐቅ ነው፤ የጠየቅኩትም በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም አልዋሸም።

ለእናቴ «እኔ አልተሳሳትኩም» አልኳት አንድ ቀን።

«ማን ተሳሳትሽ አለሽ?» አለችኝ።

ክረምቱ ገባ። በሰኔ መጨረሻ አንድ እሑድ ወጣሁ። ዳገቱ ሁሉ ጠቁሮ ታርሷል፣ ቀድሞ የተዘራው ብቅ ማለት ጀምሯል። የአጎቴ በሬዎች ሳያነክሱ እስከ ወሰኑ ድንጋይ ይመጡና ይዞራሉ፣ ይመጡና ይዞራሉ። ከድንጋዩ በላይ ያለው የእናቴ መሬት ያለፈውን አዝመራ ገለባ እንደተሸከመ ተኝቷል። ነጭ ሽንኩርት የሚተከልባትን መሬት ሳር ውጧታል። አጎቴ ከታች ሆነው እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሉኝ። እኔም አነሣሁ።

እናቴ ምድጃው አጠገብ ገብስ ቆልታ ጠበቀችኝ። ትኩስ ነው፣ ፍሬው ትልልቅና ነጭ ነው፤ በገበያችን እንዲህ ያለ ገብስ አይገኝም። አንድ እፍኝ በልቼ እንደ ልማዴ ጠየቅኳት።

«ከየት ገዛሽው?»

«አልገዛሁትም። ለዘር ያስቀመጥኩት ነው።»

እጄን ሰበሰብኩ። ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ብይ እንጂ» አለችኝ፤ «ሳይቀዘቅዝ።»